ላፕቶፕ በአፕ ገዛሁ፣ ደላላ ናፈቀኝ

ሻጩ ቀድሞን ደርሶ፣ ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይዞ ጠበቀን። መገናኛ አካባቢ ያለ ካፌ ነው፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ለኛም ማኪያቶ ታዟል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አልኩ በሆዴ። የሶኬቱ ነገር የገባኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ አፑ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትና የሚገዛበት፣ አሁን አሁን የማይጫንበት ስልክ የሌለ ዓይነት አፕ። ስሙን አልጠራም። ወንድሜ ሌሎች ሁለት አውርዶ ሞክሮ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት አጥቶባቸዋል፤ ስለዚህ የገጠመኝን የአንድ ድርጅት ጥፋት አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ደግሞ የራሴም እፍረት አለበት። የግል ኮሌጅ ውስጥ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ አስተምራለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ ራሱ ስለ ኦንላይን ገበያ ነበር። እንደ ገዢ አንዴ፣ እንደ ቲቸር አንዴ፣ ሁለቴ ነው የተሸወድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ሶፍትዌር ደረሰው። ላፕቶፕ የግድ ነው። አዲስ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። እማዬ ከዕቁቧ 15,000 ሰጠች፣ እኔ 20,000 ጨመርኩ፤ 35,000 ብር ይዘን ፍለጋ ጀመርን።

መልካሙን ላስቀድም። ፍለጋው ግሩም ነው። የራሴን ላፕቶፕ የገዛሁ ጊዜ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በእግሬ ዞሬያለሁ። መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ፒያሳ። ሰባት ሱቅ ገብቼ ሰባት ዋጋ ሰማሁ። ስምንተኛው ሱቅ የተሻለ ይኖረው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ጫማዬ ግን እምቢ አለ። ዘንድሮ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ፣ በአንድ ምሽት፣ አንድ ሞዴል ብቻ 43 ሻጭ ጋ አገኘሁት። ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ ራም 8፣ ኤስኤስዲ 256። በዋጋ ይደረድርላችኋል፣ በሰፈር ይለይላችኋል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብትጽፉ ያገኘዋል። ዳታም አይበላም።

ከሁሉም የወደድኩለት «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ጣጣ ማስቀረቱን ነው። ቴሌግራም ቻናሎች ላይ የሚያበግነኝ እሱ ነው። ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ዋጋ ይደብቃሉ፣ ስትጠይቂ «አንቺ ስንት አሰብሽ?» ይሉሻል። እዚህ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ አይለጠፍም። ያኒስ ባኮስ የሚባል የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጻፈው ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ፍለጋ ራሱ ወጪ አለው፤ ወጪው ሲቀንስ ገዢው ጉልበት ያገኛል፣ ሻጩም በገዢው ድካም ማትረፉ ይቀርበታል። እኔ በክፍል ውስጥ ይህንን ሳስተምር ሁልጊዜ ያቺን ጫማዬን አነሳለሁ።

ተማሪዎቼ ግን ከሁሉም የሚወዱት የዓሣ አጥማጆቹን ታሪክ ነው። ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ። አጥማጁ ሰርዲኑን ይዞ ወደ ሰፈሩ የባሕር ዳርቻ ይመለሳል። እዚያ ገዢ ካለ ሸጠ፤ ከሌለ ዓሣው ይበላሻል፣ መልሶ ይደፋዋል። እዚያው ቅርብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ያለ ገበያ ደግሞ ገዢው ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል። ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የሞባይል ኔትወርክ በባሕሩ ዳርቻ እየተዘረጋ መጣ። አጥማጆቹ ገና ጀልባው ላይ ሳሉ እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት የየሳምንቱን ዋጋ ሲመዘግብ ቆይቶ በ2007 ውጤቱን አወጣ። የሚደፋ ዓሣ የለም ማለት ይቻላል። የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ጨመረ፣ የበላተኛው ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱም ተጠቀሙ! ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ የሚያዛጋ ተማሪ አይኖርም።

እና እኔም እዚያ ሶፋ ላይ፣ ስልኬን ይዤ፣ ራሴን እንደዚያ አጥማጅ አየሁት።

ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ያው ሞዴል፣ ያው ራም፣ ያው ኤስኤስዲ፤ አንዱ 28,000 ይላል፣ አንዱ 41,000። ዋጋው ሁሉ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ማይክል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት መጻሕፍትና ሲዲዎችን ኢንተርኔት ላይና ተራ ሱቅ ውስጥ አነጻጽረዋል። ኢንተርኔቱ ከ9 እስከ 16 በመቶ ረክሶ አገኙት። የኢንተርኔት ሻጮች እርስ በርሳቸው ግን ዋጋቸው አልተገናኘም። አዲስ መጽሐፍ ማንም ቢሸጠው ያው መጽሐፍ ነው፤ ሰው ግን ለሚያምነው ሻጭ ጨምሮ ይከፍላል። እንግዲህ መጽሐፍ እንዲህ ከሆነ፣ ማን እንዴት ሲይዘው እንደኖረ የማይታወቅ ላፕቶፕ ምን ሊሆን ነው? ሰርዲን ሰርዲን ነው፤ ሽታው ይናገራል። የላፕቶፕን ሆድ ግን ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሄጄ ገዛሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ካፌው ውስጥ ያልፈተሽነው የለም ብዬ ነበር። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ነካን። ካሜራውን ከፈትን። ወንድሜ ዩቲዩብ ከፍቶ ድምፁን ሞከረ። «ባትሪውስ?» አልኩት። «እህቴ፣ አራት ሰዓት ይቆያል፣ እኔ በሱ ነው ስሠራ የኖርኩት» አለኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ 100 በመቶ ይላል። በ33,500 ተስማማን። በቴሌብር ላክሁለት፤ ስልኩ ወዲያው ጢን አለ። ሊለየን ሲል ደግሞ፣ «እህቴ፣ አደራ፣ አምስት ኮከብ ንኪልኝ» አለ። እዚያው ፊቱ ቆሜ አምስት ነካሁለት። ምን ላድርግ? ማኪያቶውን ከፍሏል።

ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ወንድሜ አንድ ፕሮግራም እየጫነ ነበር። በ25 ደቂቃ ውስጥ ላፕቶፑ ድርግም አለ።

ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ለተማሪዎቼ ላብራቶሪ ውስጥ አሳይቻቸው አውቃለሁ። ሲነጋ መብራቱ መጣ፣ አወጣሁት። ሁለት መስመር ነው ማየት ያለባችሁ። አንደኛው ባትሪው አዲስ ሆኖ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው፦ 51,000 ሚሊዋት ሰዓት። ሁለተኛው አሁን ሞልቶ የሚይዘው፦ 17,340። ሲሦ ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረው መቶ በመቶ ውሸት አልነበረም፤ የሲሦው መቶ በመቶ ነበር። ሶኬቱም ያን ጊዜ ታየኝ። ልጁ ካፌው እንደተከፈተ መጥቶ መሆን አለበት ያንን ጠረጴዛ የያዘው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጻፈ። አሜሪካኖች ከውጭ አምራ ውስጧ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይሏታል። (እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለቆንጆ ይወረወራል፤ ይህን ለተማሪ ማስረዳት ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይወስድብኛል።) ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ መኪናው ሎሚ መሆኑን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ፈርቶ መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ጥሩዎቹ ሲወጡ ገበያው ውስጥ የሎሚው ቁጥር ይበዛል፣ ገዢው ይብስ ይፈራል፣ ዋጋው ይብስ ይወርዳል። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች መልሰውበት ነበር። አንዱ «ተራ ነገር ነው» አለው፤ ሌላው ደግሞ «ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ዓለም ላይ መገበያየት ራሱ አይኖርም ነበር» የሚል ነገር አለው። በ2001 ኖቤል ተሸለመበት። ጽሑፌ በተመለሰብኝ ቁጥር ይህን አስታውሼ ሻይ አፈላለሁ።

አፑ ታዲያ ለሎሚ መድኃኒት አለኝ ይላል። ሁለት መድኃኒት። ኮከብና ሰማያዊ ምልክት።

ከኮከቡ ልጀምር። የኔ ሻጭ 4.9 ነበር። በኋላ ሌሎቹን አየኋቸው፤ 4.8፣ 4.9፣ 5.0። ከ4.5 በታች ያለ ሻጭ ለማግኘት ብዙ ወረድኩ። ለምን እንደሆነ አሁን በራሴ ገባኝ። ኮከቡን የምንሰጠው ዕቃውን በተቀበልንበት ደቂቃ ነው፣ ሻጩ ፊታችን ቆሞ። ባትሪው የሚሞተው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ተመልሼ ልቀይረው ብል ደግሞ ስሜም ስልኬም እሱ ጋ አለ። የጻፍኩትን ያየዋል። ወንድሜም «ተይው እሙ፣ ምን ያደርግልሻል፣ ሰው አታስቀይሚ» አለኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ቁጥር ቢኖረው 4.9 ነበር የሚሆነው።

ይህ የኛ ብቻም አይደለም። ፖል ሬስኒክና ሪቻርድ ዘክሃውዘር በ1999 ኢቤይ ላይ የተደረጉ ግብይቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ገዢዎች ከሰጡት አስተያየት 99.1 በመቶው መልካም ሆኖ አግኝተውታል። ከገዢዎቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ አስተያየት አልሰጡም። በዚያ ዘመን ሻጩም ገዢውን መልሶ ይመዝን ነበር። ክፉ ከጻፍሽበት ክፉ ይጽፍብሻል። ኢቤይ በ2008 ሻጮች ለገዢ መጥፎ ነጥብ እንዳይሰጡ የከለከለው ለዚህ ነው። የኛ አፕ ውስጥ ሻጩ እስከ ዛሬ ገዢን ይመዝናል። እኔ 5.0 ነኝ።

ሰማያዊው ምልክት ይብሳል። «የተረጋገጠ ሻጭ» ይላል። የኔው ልጅ ነበረው። ምን ተረጋግጦ ነው ብዬ ራሴን ሻጭ አድርጌ ተመዘገብኩ። መታወቂያ ፎቶ አንስቼ ላክሁ፣ የወር ክፍያ ከፈልኩ፣ በማግሥቱ ሰማያዊ ሆንኩ። አንድ ዕቃ እንኳ ሸጬ አላውቅም! ማይክል ስፔንስ፣ ከአከርሎፍ ጋር አብሮ ኖቤል የተቀበለው፣ ምልክት መቼ ምልክት እንደሚሆን ጽፏል። ለጥሩው ሰው ቀላል፣ ለመጥፎው ግን ከባድ ሲሆን ነው። ለምሳሌ የስድስት ወር ዋስትና። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ አይፈራውም፣ ሎሚ የያዘው ግን ይከስርበታል። ይህ ሰማያዊ ነገር ለሁለቱም ዋጋው እኩል ነው። እንዲያውም ሎሚ የያዘው ነው አጥብቆ የሚፈልገው።

አፑ ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ማን እንደሚከፍለው እዩ። ገዢ አይከፍልም። ሻጭ ይከፍላል፤ ለምልክቱ፣ ማስታወቂያውን ወደ ላይ ለሚያወጣለት ቡስት። እንዲህ ዓይነቱ ሁለት ወገን ያለው ገበያ አንዱን ወገን በነፃ አስገብቶ ከሌላው መቀበሉ የተለመደ ነው። ዣን ሻርል ሮሼና ዣን ቲሮል በ2003 በደንብ አድርገው አስረድተውታል። በራሱ ችግር የለበትም። ግን ፍለጋዬ ላይ አንደኛ ሆነው የመጡት አምስቱ ላፕቶፖች «የተሻሉ» አልነበሩም፣ የተከፈለባቸው ነበሩ። ጥግ ላይ በትንሹ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ አለ። መነጽሬን አድርጌ ነው ያየሁት።

ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። የባትሪ ሪፖርቱን ፎቶ፣ ሻጩ «አራት ሰዓት» ብሎ የጻፈበትን ማስታወቂያ፣ ሁሉንም አያያዝኩ። መልስ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ግብይቱ በሻጭና በገዢ መካከል የሚደረግ ነው።» እሱንማ እኔም አውቃለሁ። መካከል ላይ ቆማችሁ ያላችሁት እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው?

እማዬ መጀመሪያውኑ «ጋሼን አናግሪው» ብላኝ ነበር። ጋሼ ገርጂ የኛ ሰፈር ደላላ ናቸው። ቤት ያከራያሉ፣ ፍሪጅ ያሻሽጣሉ፣ አንዳንዴ መኪና። ሳቅኩባት። «እማዬ፣ በዚህ ዘመን ደላላ?» የማስተርስ ጽሑፌ መደምደሚያ ላይ ራሱ «ዲጂታል ገበያ ደላላን ያስቀራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሞልቶ ነበር በራስ መተማመኔ። አፑም ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያለ ደላላ!» ይላል።

ደላላ መልአክ ነው አላልኩም። ቤት ስንከራይ አንድ ቤት ለአምስት ሰው አሳይቶ ያጫረተን ደላላ አውቃለሁ። ግን ጋሼ ከእማዬ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። ልጃቸው ከወንድሜ ጋር ነው የተማረው። የሞተ ባትሪ ቢያመጡልን እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ እማዬ አጠገባቸው ትቀመጣለች። የሷን ዝምታ ደግሞ የሚችል ሰው አላየሁም። የጋሼ ኮሚሽን ውስጥ ያ ሁሉ አለ። አፑ ጋሼን ሲያስወጣ ኮሚሽኑን ብቻ ያስወጣ መስሎት ዋስትናውንም አብሮ አስወጣው።

ይህን የጻፈ ሰው ደግሞ ከኛው ነበረ፤ እኔ ነኝ በትክክል ያላነበብኩት። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ሲያጠኑ ስለ ደላሎች ብዙ ጽፈዋል። ከክፍለ ሀገር ጤፍ የሚልከው ነጋዴ አዲስ አበባ ያለውን ገዢ አያውቀውም። እህሉ ደረጃ የለውም፤ በዓይን ካልታየ፣ በእጅ ካልተዘገነ ዋጋ አይወጣለትም። ስለዚህ እህል በረንዳ ላይ የሚያምነው ደላላ ይኖረዋል። ደላላው ያያል፣ ይመርጣል፣ ስለሱ ሆኖ ይሸጣል። ያ ባይኖር ነጋዴው ከሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ውጭ አይገበያይም ነበር። ደላላው የመጣው ደረጃ ስለሌለ ነው ማለት ነው።

በኋላ የኢትዮጵያን ምርት ገበያ ሲያቋቁሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው ሥራ የጀመረው፣ ምን እንዳስቀደሙ ልብ በሉ። መጋዘን ነው። ቡናው መጋዘን ይገባል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ይመዘናል፣ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይጻፍለታል። ገዢው ጆንያውን ሳያይ የሚገዛው ለዚህ ነው። ክፍያውም በማግሥቱ በባንክ በኩል ይፈጸማል፤ «ነገ እሰጥሃለሁ» የለም። ግብይቱስ? አዳራሽ ውስጥ በጩኸትና መዳፍ በመማታት ነበር! የኤሌክትሮኒክ ግብይቱ የመጣው በ2015 ነው። ሰባት ዓመት ያለ እሱ ሠርቷል። ነቀፌታም ነበረበት፤ ቡናው ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ይጠፋል ብለው የልዩ ቡና ገዢዎች አጥብቀው አማርረው ነበር። ግን መጋዘኑና ቀማሹ መቅደማቸው ትክክል ነበር።

የኛ አፕ ሠሪዎች የዋጋ ሰሌዳውን ሠሩ፣ አሳምረው ሠሩ፤ መጋዘኑን ረሱት። ቀማሽ የለም። መገናኛ አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ቴክኒሻን ቢያስቀምጡ፣ «ዕቃህን አምጣ፣ ባትሪውን ለክተን ቁጥሩን ማስታወቂያህ ላይ እንጽፋለን» ቢሉ፣ እኔ 500 ብር ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ብሩንም ለጥቂት ቀን ይያዙት። አሊባባ አሊፔይን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ለዚሁ ነው። ቻይናዊው ገዢ ብሩን ለአሊፔይ ይሰጣል፣ ዕቃው ደርሶት «ተቀብያለሁ» ሲል ነው ሻጩ የሚከፈለው። እኛ ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር አለን፤ ብር በሰከንድ ይሄዳል። የኔ 33,500 በሰከንድ ሄደ። የሚመልሰው ግን የለም።

አፑን ትጠቀሚያለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ዋጋ ለማወቅ። ሱቅ ከመግባቴ በፊት ከፍቼ አያለሁ፤ ባለሱቁም ስልኬን ሲያይ አፉን ቆጠብ ያደርጋል። ለመግዛት ከሆነ ግን ቀብድ ላክ የሚላችሁን አትስሙ፣ ቻርጀሩን ራሳችሁ ንቀሉት፣ የባትሪ ሪፖርቱን እዚያው አስወጡ፣ ማጥፋትና ማብራትም አትርሱ፤ የውጭ አገር ቢሮ የነበረ ማሽን የማታውቁት ፓስዎርድ ሊኖርበት ይችላል። ኮከቡንም ቤት ገብታችሁ፣ ሳምንት ሰንብታችሁ ስጡ። ይሉኝታ እንዳይዛችሁ ማኪያቶውን ራሳችሁ ክፈሉ።

ለፍለጋው አራት ተኩል። ለእምነቱ አንድ ተኩል፣ እሱም ስለ ሰፈሩ ማጣሪያ ብዬ።

ባትሪውን መገናኛ አንድ ጠጋኝ ጋ በ5,200 ቀየርን። ጠጋኙ ከመክፈሌ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ሰክቶ ቁጥሩን ስክሪን ላይ አሳየኝ፤ ሳልጠይቀው። ከዚያ በታክሲ ስመለስ፣ ገርጂ ከመድረሴ በፊት፣ አፑን ከፍቼ አምስቱን ኮከብ ወደ ሁለት አወረድኩት። «ባትሪው 34 በመቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ።

«አራት ሰዓት ብለኸኝ 25 ደቂቃ ነው የሰጠኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ሆነ ባትሪው?» አለ። ነገርኩት። ግማሹን በቴሌብር ላከልኝ፤ 2,600። ማታ ደግሞ ቴክስት ገባ፦ «እህቴ ኮከቡስ?»

ሦስት ላይ ነው ያለው። ትናንትም ደውሎ ነበር።